ጥርት ያለ ሐይቅ ውስጥ ካፌይን ምን ይሠራል?

ዳርቻው
ሰላም ለሁላችሁ። ቤቴ ሐይቅ ዳር ነው። ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ እስከ ጉልበቴ ገብቼ የእግሬን ጣቶች እቆጥራለሁ። በአካባቢው ፋብሪካ የለም፣ ማዕድን የሚቆፍርም የለም። ዘንድሮ ነዋሪዎች ገንዘብ አዋጥተን ውሃውን አስመረመርነው። ባክቴሪያው ደህና፣ ናይትሬቱ ደህና፣ ብረታ ብረቱም ደህና። ደስ ብሎኝ ወረቀቱን ላጥፈው ስል የመጨረሻው ገጽ ላይ «አዳዲስ በካዮች» የሚል ሠንጠረዥ አየሁ። ካፌይን አለ። ሱክራሎዝ የሚባል ሰው ሠራሽ ማጣፈጫ አለ። ዲት አለ፣ የትንኝ መከላከያው። ካርባማዜፒን የሚል ደግሞ አለ፤ ሳጣራ ለካ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ነው። ሁሉም በናኖግራም ነው የተጻፈው።

እሺ፣ ሐይቅ ውስጥ ቡና የሚደፋው ማን ነው? የምሬን ነው፣ ከየት መጣ?

ቡናማ_ጠርሙስ
ማንም አልደፋውም። ይቅርታ በግልጽ ልናገርና፣ ሸንታችሁት ነው።

ሥራዬ የውሃ ናሙና መቅዳት ነው። እነዚህን ነገሮች እኛ እንደ አሻራ ነው የምናያቸው። ፋብሪካ ባይኖርም ሰው ካለ አሻራው ይኖራል። ያንተ ሠንጠረዥ ደግሞ ጥሩ ይናገራል።

ካፌይንን እንይ። ሰው ከጠጣው ጥቂቱ ሳይለወጥ በሽንት ይወጣል። ከጀበናና ከኩባያ ታጥቦ በማጠቢያው የሚወርደውም አለ። ፍሳሹ ደህና ማጣሪያ ጣቢያ ካለፈ ግን ባክቴሪያዎቹ ይበሉታል፤ ብዙ ጊዜ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው እዚያው ይቀራል። ሐይቅ ውስጥ ቢገባም ብዙ አይቆይም። ስለዚህ ካፌይን ሲገኝ ሁለት ነገር እጠረጥራለሁ፦ ፍሳሹ በወጉ አልተጣራም፣ መግባቱም አልቆመም።

ሱክራሎዝ ተቃራኒው ነው። ሰውነት አይፈጨውም፣ ባክቴሪያም ብዙ አይነካውም። ማጣሪያ ጣቢያውን ሰላም ብሎት ያልፋል። ካርባማዜፒንም እንደዚያው። ሁለቱን ብቻ ብታገኝ ኖሮ «የሆነ ቦታ የተጣራ ፍሳሽ እየገባ ነው» ብዬ ዝም እል ነበር። ካፌይኑ አብሮ ስላለ ግን መጀመሪያ የማየው በዳርቻው ያሉትን ቤቶች የፍሳሽ ጉድጓድ ነው። ዕድሜያቸው ስንት ነው? ከውሃው ምን ያህል ይርቃሉ? መቼ ነው የተመጠጡት?

አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። ናሙናውን ማን ቀዳው?

ዳርቻው
እኔና ጎረቤቴ። ከጀልባ ላይ። ጠዋት።

ቡናማ_ጠርሙስ
ቡና ጠጥታችሁ ነበር? ሰንስክሪን ተቀብታችሁ? የትንኝ መከላከያስ?

ዳርቻው
ሦስቱንም 🤦

ቡናማ_ጠርሙስ
አይዞህ፣ ሁሉም አንዴ ይሠራታል። እኔ ናሙና በምቀዳበት ቀን እስክጨርስ ቡና አልነካም። ፊቴንም አልቀባም፤ ኮፍያና ረጅም እጅጌ ይበቃኛል። ጓንት አደርጋለሁ፣ በየጠርሙሱ እቀይረዋለሁ። ለመድኃኒት የሚሆነው ጠርሙስ ቡናማ መስታወት ነው፤ ብርሃን የሚሰባብራቸው ንጥረ ነገሮች ስላሉ። ፒፋስ (ውሃና ቅባት እንዳይዝ ዕቃ ላይ የሚደረጉ፣ በቀላሉ የማይፈርሱ ኬሚካሎች) ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። መስታወት ላይ ስለሚጣበቅ ፕላስቲክ ጠርሙስ ነው የምንይዘው፤ ውሃ የማያስገባ ጃኬትም አንለብስም። ጃኬቱ ራሱ ፒፋስ ሊሆን ይችላላ!

ዋናው ደግሞ ባዶው ናሙና ነው። ከላብራቶሪ የመጣ ንጹሕ ውሃ ይዘህ ትሄድና እዚያው ጀልባው ላይ ከፍተህ ወደ ሌላ ጠርሙስ ትገለብጠዋለህ። እሱ ውስጥ ካፌይን ከተገኘ ካፌይኑ ያንተ እንጂ የሐይቁ አይደለም። ባዶ ናሙና ካልነበራችሁ ካፌይኑንና ዲቱን በጥርጣሬ ያዙ። ካርባማዜፒኑና ሱክራሎዙ ግን ከእጃችሁ የሚመጡ አይመስለኝም።

አትጨነቁ
ወገኖቼ፣ ናኖግራም እኮ የግራም አንድ ቢሊዮንኛ ነው። አንድ ሊትር ውስጥ 10 ናኖግራም ካርባማዜፒን አለ እንበል። የአንድ ባለ 200 ሚሊግራም ክኒን ያህል ለማግኘት 20 ሚሊዮን ሊትር መጠጣት አለብህ። ሐይቁን ጠጥተህ ጨርሰህም ራስ ምታትህ አይለቅህም። መሣሪያው ስለረቀቀ ብቻ ሁሉንም ነገር እያየን እንደነግጣለን። ድሮም ነበረ፣ የሚያየው አልነበረም።

ኬሚስቷ
ሒሳብህ ልክ ነው። ግን አንተ ዓሣ አይደለህም። አንተ ሁለት ሊትር ጠጥተህ ትሄዳለህ። ዓሣው እንቁላል ከሆነበት ቀን ጀምሮ እዚያው ውሃ ውስጥ ነው፤ የሚተነፍሰውም እሱኑ ነው።

ካናዳ ኦንታሪዮ ውስጥ ለምርምር ተብለው የተተዉ ትንንሽ ሐይቆች አሉ። አንዱ ሐይቅ 260 ይባላል። ከ2001 እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ድረስ ካረን ኪድ የምትመራው ቡድን በየበጋው የወሊድ መከላከያ ክኒን ውስጥ ያለውን ሰው ሠራሽ ኢስትሮጅን ጨመረበት። መጠኑ በሊትር ከ5 እስከ 6 ናኖግራም ብቻ ነበር። 30 ማይክሮግራም ያለው አንድ ክኒን 6,000 ሊትር ውሃን ወደዚያ መጠን ያደርሳል ማለት ነው። ምን ሆነ? ወንዶቹ ትንንሽ ዓሦች የእንቁላል አስኳል ፕሮቲን መሥራት ጀመሩ። አንዳንዶቹ የዘር ፍሬያቸው ውስጥ እንቁላል ተገኘ። በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ ያ የዓሣ ዝርያ ከሐይቁ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። እነሱን የሚበላው ትልቁ ዓሣም ሆርሞኑ ሳይሆን ረሀቡ ቀነሰው። መጨመሩ ከቆመ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ትንንሾቹ ተመልሰው ረቡ። ይህን የመጨረሻውን ነገር ሰው ሲያወራው አልሰማም፤ ለእኔ ግን ትልቁ ነገር እሱ ነው።

አትጨነቁ
ይሄንን አላውቅም ነበር፤ አመሰግናለሁ። ግን እሱ ሆርሞን ነው። በትንሹ እንዲሠራ ተብሎ የተሠራ ነገር ነው። ካፌይንን ከእሱ ጋር አንድ ጆንያ ውስጥ አትክተቱብኝ።

ኬሚስቷ
እሱ ላይ እስማማለሁ። «አዳዲስ በካዮች» የሚለው ስም ራሱ ጆንያ ነው። መድኃኒትም፣ ሳሙናም፣ ፕላስቲክም፣ ፒፋስም ተጭኖበታል። «አዲስ» ሲባልም ብዙዎቹ አሮጌ ናቸው፤ አዲስ የሆነው ማየታችንና መጨነቃችን ነው። ካፌይኑን እንደ መርዝ ሳይሆን እንደ ጭስ እየው። ጭሱ አይገድልህም፣ እሳቱ የት እንዳለ ግን ይነግርሃል። ካፌይን በገባበት ቀዳዳ ሌላውም ይገባል።

ናኖግራም ምንም አይደለም ለሚለው ደግሞ፣ አሜሪካ በ2024 እ.ኤ.አ. ለመጠጥ ውሃ ባወጣችው ደንብ ለፒፎኣና ለፒፎስ፣ ለሁለቱ በጣም ለታወቁት ፒፋሶች፣ የፈቀደችው ለእያንዳንዳቸው በሊትር 4 ናኖግራም ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ማነሱ ብቻውን አያስተኛም። የምን ቁጥር እንደሆነ መጠየቅ ነው።

ፈረቃ_ሦስት
የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ሠራተኛ ነኝ። እኛ ላይ እንዳትፈርዱ ብዬ ነው የምጽፈው።

ጣቢያችን የተሠራው ሰገራ፣ ቅባት፣ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ እንዲይዝ ነው። ትልቁ ገንዳ ውስጥ አየር እንነፋለን፤ ባክቴሪያዎቹ እየተገለባበጡ ይበላሉ። የሚጥማቸውን ይጨርሱታል፤ ፓራሲታሞልም ይበላሉ። ካርባማዜፒን ግን አይጥማቸውም፤ በገባበት መጠን ይወጣል ብትል አላጋነንክም። ማሽኑ ተበላሽቶ አይደለም። ሲሠራም አላሰቡትም።

መፍትሔ የለም እንዳይባል ግን፣ ስዊዘርላንድ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተመረጡ ጣቢያዎች ተጨማሪ ደረጃ እንዲሠሩ በሕግ አስገድዳለች። ወይ ኦዞን ይነፋል፣ ወይ ውሃው በገቢር ካርቦን (በካዮችን ላዩ ላይ በሚይዝ የተዘጋጀ ከሰል) ያልፋል። ግቡ ከጥቃቅን በካዮቹ 80 በመቶውን ማስቀረት ነው። ለዚህ የሚሰበሰበው ክፍያ በአንድ ነዋሪ በዓመት እስከ 9 ፍራንክ ነው። ሐይቅ ውስጥ የሚለቁ ትልልቅ ጣቢያዎች ከቀዳሚዎቹ ተርታ ናቸው፤ ምክንያቱም ያንኑ ሐይቅ ሰው መልሶ ይጠጣዋል። የአውሮፓ ኅብረትም በ2024 እ.ኤ.አ. ያሻሻለው መመሪያ ከዚህ ወጪ ቢያንስ 80 በመቶውን የመድኃኒትና የመዋቢያ አምራቾች እንዲሸፍኑ ይላል። አምራቾቹ አልወደዱትም፣ እንደሚጠበቀው።

ዳርቻው፣ ያንተ ጉዳይ ግን ከዚህ ይቀላል። እኛ ጋ የማይደርስ ፍሳሽ ነው ያለህ። የቤት የፍሳሽ ጉድጓድ በደህና አፈር ላይ ካለ አፈሩ ራሱ ብዙ ሥራ ይሠራል። የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ ከሆነ ወይም አሸዋ ብቻ ከሆነ ግን ጉድጓዱ ጉድጓድ አይደለም፤ ቱቦ ነው።

ዳርቻው
የኛ ዳርቻ አሸዋ ነው።

ፈረቃ_ሦስት
እንግዲህ።

ከመደርደሪያው_ጀርባ
ፋርማሲስት ነኝ። ሰው ሁሌ የሚለኝ «ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት ሽንት ቤት አልጨምርም፣ ምን አድርጊ ትይኛለሽ» ነው። ጥሩ ነው፣ አትጨምሩ። ግን አብዛኛው በዚያ መንገድ አይደለም የሚሄደው። ሰው በሐኪም ታዝዞለት በሥርዓቱ ከዋጠው የሚወጣው ነው። የስኳር መድኃኒቱ ሜትፎርሚን ሰውነት ውስጥ አይፈርስም፤ ሥራውን ሠርቶ እንዳለ በሽንት ይወጣል። ታማሚውን አትዋጥ ልለው ነው? በፍጹም።

የምንቆጣጠረው ግን አንድ ነገር አለ፤ ማንም የማያስበው። የዲክሎፌናክ ጄል። ለጉልበት፣ ለወገብ የምትቀቡት። ከቆዳ አልፎ የሚገባው ጥቂት በመቶ ብቻ ነው። የቀረው ቆዳው ላይ ይደርቅና ሻወር ሲወሰድ ወይም ልብሱ ሲታጠብ ይወርዳል። እኔ ለደንበኞቼ የምላቸው ይኼ ነው፦ ከተቀባችሁ በኋላ እጃችሁን ወዲያው አትታጠቡ። መጀመሪያ በወረቀት ጥረጉት፣ ወረቀቱን ቆሻሻ ውስጥ ጣሉት፣ ከዚያ ታጠቡ። ተቀብታችሁም ወዲያው ወደ ሐይቁ አትዝለሉ። አንድ ወረቀት ናት። ገንዘብ አትጠይቅም።

ቡናማ_ጠርሙስ
ዲክሎፌናክ ደግሞ ከሌሎቹ ይለያል። ላይኛው ውሃ ላይ ሲሆን ፀሐይ ይሰባብረዋል። ስዊዘርላንድ ግራይፈንዜ ሐይቅ ላይ ይህን ለክተውታል። ጥልቅ ውሃ ውስጥ ወይም በረዶ ሥር ከሆነ ግን ፀሐይ አያገኘውም። ጠዋት ከላይ የተቀዳ ናሙናና ከሥር የተቀዳ ናሙና ሁለት የተለያዩ ሐይቆች ይመስላሉ። ለዚህ ነው «ሐይቁ ንጹሕ ነው» ሲባል ከየት ተቀድቶ ብዬ የምጠይቀው።

ቀዘፋ
በሞተር ጀልባ ላይ ማንም ምንም አላለም፤ ደህና ተደብቀናል ብዬ ነበር። ራሴን ላጋልጥ።

የድሮዎቹ ባለ ሁለት ምት ሞተሮች ቤንዚኑን ሙሉ በሙሉ አያቃጥሉትም። ጥሩ ድርሻው ሳይቃጠል ከጭሱ ጋር ውሃው ውስጥ ይገባል። ከኋላ የምታዩት ቀስተ ደመና ያ ነው። አሜሪካ ታሆ ሐይቅ ላይ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ኤምቲቢኢ የሚባል የቤንዚን ተጨማሪ ተገኘ። ምንጩ ጀልባና ጄት ስኪ ነበር። በ1999 እ.ኤ.አ. ካርቡሬተር ያላቸውን አብዛኞቹን ባለ ሁለት ምት ሞተሮች ከሐይቁ ከለከሉ። ሰው ጮኸ፣ ተሰደበ፣ ፍርድ ቤትም ተሄደ። መጠኑ ግን ወዲያው በጣም ወረደ።

እኔ የራሴን ሞተር የቀየርኩት ለሐይቁ አዝኜ አይደለም፣ ነዳጅ ስለሚበላ ነው። ሐይቁ ግን ምክንያቴን አይጠይቅም።

አትጨነቁ
ታሆ ደስ አለኝ። አንድ ነገር ቆመ፣ አንድ ነገር ጠፋ። ታዲያ ሌላውንም ዝናብና ወንዝ አጥቦ ይወስደው የለ?

ኬሚስቷ
ኤምቲቢኢ ቶሎ ወደ አየር ስለሚተን ነው የጠፋው። ታጥቦ አይደለም። ታሆ ውስጥ የገባ ውሃ እስኪወጣ በአማካይ ወደ 650 ዓመት ይቆያል! ሰሜን አሜሪካ ያለው ትልቁ ሱፒሪየር ሐይቅ 190 ዓመት ገደማ ነው። እዚያው ያለው ኢሪ ሐይቅ ደግሞ ሦስት ዓመት እንኳ አይሞላም። ወንዝ ስህተትህን ይዞልህ ይሄዳል። ጥልቅ ሐይቅ ያስቀምጥልሃል። የማይፈርስ ነገር፣ ፒፋስን ጨምሮ፣ ሱፒሪየር ውስጥ ዛሬ ቢገባ የልጅ ልጅ ልጆችም ያገኙታል።

ታች ደግሞ ደለሉ አለ። ደለል የሐይቁ ደብተር ነው፤ በየዓመቱ አንድ ገጽ ይጨምራል። ሚኒሶታ ውስጥ የተጣራ ፍሳሽ ከሚገባባቸው ሐይቆች ደለል በቱቦ አውጥተው ሲያነቡት ትራይክሎሳን አገኙ። ይህ በፀረ ባክቴሪያ ሳሙና ውስጥ የነበረው ነው። ሳሙናው ገበያ ላይ ሲበዛ ደለሉ ውስጥም በዝቷል። እጃችንን ስንታጠብ እዚያ እየጻፍን ነበር።

መንጠቆ
ዓሣ አጥማጅ ነኝ። ትምህርቱ ብዙ የለኝም፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ነፋስ ሲነሳ ዳርቻው ላይ አረፋ ይከመራል። ድሮም ነበር፣ ቡናማ ነገር ነው፣ የአፈር ሽታ አለው። አሁን አሁን ግን ከአየር ማረፊያው አቅጣጫ ባለው ዳር በጣም ነጭ የሆነ፣ የሚጣበቅ አረፋ አያለሁ። ልጆች ይጫወቱበታል። ምንድን ነው?

ቡናማ_ጠርሙስ
ወንድሜ፣ ጥሩ ዓይን አለህ። በዓይን ብቻ መፍረድ አይቻልም። ግን የገለጽከው ልዩነት ራሱ እኛም የምንጠረጥርበት ነው። ቡናማውና አፈር አፈር የሚሸተው አብዛኛውን ጊዜ የበሰበሰ ቅጠል ሥራ ነው። ደማቅ ነጩ ግን ፒፋስ ሊሆን ይችላል። የአየር ማረፊያ እሳት አጥፊዎች ለነዳጅ እሳት ይጠቀሙበት የነበረው አረፋ በፒፋስ የተሞላ ነበር፤ ለልምምድም መሬት ላይ ይረጩት ነበር። መሬቱ ጠጥቶ በከርሰ ምድር ውሃ ወደ ሐይቅ ያመጣዋል።

የፒፋስ ጠባዩ ውሃና አየር በሚገናኙበት ላይ መሰብሰብ ነው። ስለዚህ አረፋው ውስጥ ያለው መጠን ከሥሩ ካለው ውሃ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ልጆቹን ከአረፋው አርቋቸው። የነኩ እንደሆነ ይታጠቡ። ውሻም ካላችሁ እንዳይልሰው።

መንጠቆ
ዓሣውስ? ጠብሰን ነው የምንበላው። ውሃውንም እናፈላዋለን።

ኬሚስቷ
ማፍላት ባክቴሪያ ይገድላል፤ ፒፋስን ግን አይነካውም። እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ውስጥ ትንሽ ይጠነክራል። መጥበስም አያጠፋውም። ለመጠጥ ከሆነ የካርቦን ማጣሪያ ወይም ሪቨርስ ኦስሞሲስ (ውሃውን በግፊት በስስ ሽፋን የሚያሳልፍ ማጣሪያ) ነው የሚረዳው፤ ካርቦኑ በጊዜው ካልተቀየረ ግን ዋጋ የለውም። ለዓሣው ደግሞ መለካት ነው ያለው መንገድ። ፒፋስ እንደ ሜርኩሪ ከትንሹ ወደ ትልቁ ዓሣ እየተጠራቀመ ሊሄድ ስለሚችል አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ዓሣ ይላኩ። እስኪታወቅ ድረስ ከዚያ ዳር የተያዘውን ባይበሉ ይሻላል።

አትጨነቁ
እሺ፣ ስሜን ልቀይር መሰለኝ። መኪና ጎማስ? የሆነ ቦታ አንብቤ ነበር።

ቡናማ_ጠርሙስ
ትክክል ነህ። በ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ነው የወጣው። ጎማ እንዳይሰነጠቅ የሚጨመር 6ፒፒዲ የሚባል ነገር አለ። ከአየሩ ኦዞን ጋር ሲገናኝ ወደ ሌላ ንጥረ ነገር ይለወጣል፤ ዝናብ ሲዘንብ የጎማው ብናኝ ከአስፋልት ታጥቦ ይወርዳል። አሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ ከዝናብ በኋላ ኮሆ ሳልሞን የሚባለው ዓሣ ለምን እንደሚሞት ለዓመታት ሲፈልጉ ቆይተው ያገኙት ይህን ነው። ሐይቁን ዞሮ የሚሄድ መንገድ ካላችሁ ቦዩ የት እንደሚገባ ተመልከቱ። ቀጥታ ውሃው ውስጥ ከሆነ፣ ሣርና አፈር ላይ አልፎ እንዲሄድ ማድረግ ብቻውን ብዙ ያስቀራል።

ዳርቻው
ከጠበቅሁት በላይ ነው የተማርኩት። ትናንት ማታ ከጎረቤቶቼ ጋር ተሰበሰብን። አስራ አራት ቤት ነን። የፍሳሽ ጉድጓዱ መቼ እንደተመጠጠ የሚያውቁት አምስቱ ብቻ ናቸው። አንደኛው ጉድጓዱ የት እንዳለ ራሱ አያውቅም፤ «ገዝቼ ስገባ ነበረ» ነው የሚለው። ከሳምንት በኋላ ማቅለሚያ አስገብተን እንፈትሻለን። ሽንት ቤት ውስጥ ደማቅ አረንጓዴ ማቅለሚያ ጨምሮ ውሃ መልቀቅና ዳርቻው ላይ ይታይ እንደሆነ መጠበቅ ነው፤ ፈረቃ_ሦስት በግል መልእክት የነገረኝ ነው።

ናሙናውንም እንደግመዋለን። አንድ ከላይ፣ አንድ ከሥር፣ አንድ ከቤቶቹ ፊት ለፊት፣ አንድ ከማዶ ሰው ከሌለበት፣ አንድ ባዶ። ቡናማ_ጠርሙስ፣ ዲቱን ሰው ከሌለበትም ባገኘው ምን ልበል?

ቡናማ_ጠርሙስ
አትገረም። ሚኒሶታ ውስጥ በ2012 እ.ኤ.አ. 50 ሐይቆችን በዕጣ መርጠው ሲመረምሩ ከሁሉም በላይ ደጋግሞ የተገኘው ዲት ነው፤ ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ሐይቆች ውስጥ። ቤት የሌለባቸውም ነበሩበት። ዋናተኛ ያመጣዋል፣ ፍሳሽ ያመጣዋል፣ አንዳንዱ ንጥረ ነገር በአየርና በዝናብም ይመጣል። ለዚህ ነው የማዶው ናሙና የሚያስፈልግህ። ከቤቶቹ ፊት ያለው ከማዶው በምን ያህል እንደሚበልጥ ነው የምታየው፤ መኖሩን ብቻ አይደለም። ቀዝቃዛ ሳጥን ውስጥ በበረዶ ይዘህ በዚያው ቀን ላክ።

አትጨነቁ
እኔም እመጣለሁ፣ ጀልባ እቀዝፋለሁ። ሞተር የለውም፤ ቀዘፋ እንዳይናደድ።

ቀዘፋ
ና፣ ግን ቡናህን ቤት ትተህ ና።